ኮፐር ሰልፌት በሦስት ደረጃ፦ ለኮምፕሌክስ ሥራ የትኛው ይበቃል?

የመዳብ ኮምፕሌክስ (መዳቡ መሐል ሆኖ እንደ አሞኒያ ባሉ ሞለኪውሎች የተከበበበት ውህድ) መሥራት የፈለገ ተማሪም ሆነ መምህር መጀመሪያ የሚገዛው ያንኑ ሰማያዊ ጨው ነው፤ ባለ አምስት ውሃውን (ለእያንዳንዱ መዳብ አምስት የውሃ ሞለኪውል በክሪስታሉ የያዘውን) ኮፐር ሰልፌት። ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ በእርሻ ግብዓት መሸጫዎች በከረጢት የሚሸጠው፣ ከኖራ ጋር ተበጥብጦ ለፈንገስ የሚረጨው ነው። ሁለተኛው ለኤሌክትሮፕሌቲንግ፣ ማለትም ለብረት ቅብ ሥራ የሚዘጋጀው ነው። ሦስተኛው የላቦራቶሪው ነው፤ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የቆሻሻዎቹ መጠን አንድ በአንድ ተዘርዝሮበት ይመጣል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ፣ ያንን ልዩነት መክፈል ለየትኛው ሥራ እንደሚያዋጣ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

መልሱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የአሞኒያ፣ የኦክሳሌት ወይም የግላይሲን ኮምፕሌክስ ሠርቶ ለማስተማር፣ ትልልቅ ክሪስታል ለማሳደግም የእርሻው ደረጃ አንድ ጊዜ በአግባቡ ከተጣራ በደንብ ይበቃል። የማግኔት ልኬት ለሚወስድና ውጤቱን ለኅትመት ለሚያዘጋጅ ግን የላቦራቶሪው ብቻ ነው የሚያዛልቀው። የቅብ ሥራው ደረጃ ብዙ ኬሚስት የማያስበው ጥሩ ግዢ ነው። ብረትና ክሎራይድ ቅብን ስለሚያበላሹ አምራቾቹ ሁለቱን ዝቅ አድርገው ይይዟቸዋል። ነገር ግን መግዛት ያለበት ደረቁ ክሪስታል ነው፤ ለቅብ ገንዳ ተበጥብጦ የተዘጋጀው ፈሳሽ አሲድ፣ ክሎራይድና ማብረቂያ ስለሚገባበት ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ከመግዛት በፊት የዕቃው ጽሑፍ በጥንቃቄ ይነበብ። የባለ አምስት ውሃው ጨው አንድ ሞል 249.7 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ መዳቡ 25.45 በመቶ ነው። ስለዚህ «መዳብ 25 በመቶ» የሚለው የእርሻ ከረጢት 98 በመቶ ገደማ ንጹሕ ነው ማለት ነው። የቀረው 2 በመቶ ምን እንደሆነ ከረጢቱ አይናገርም። አሸዋ፣ እርጥበት፣ ብረት፣ ዚንክ ወይም ኒኬል ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ 35 በመቶ አካባቢ የሚል ከሆነ ደግሞ ዕቃው ሌላ ነው፤ ባለ አንድ ውሃው ጨው ነው። በአሠራር መመሪያ ላይ 10 ግራም የተባለውን በእርሱ ለመተካት 7.1 ግራም ይበቃል። ይህን ሳያዩ መመዘን ከሚያስከትለው ጣጣ አንዱ አሞኒያው ሳይበቃ ቀርቶ ሙሉ ቢከር ደብዛዛ ዝቃጭ መያዝ ነው።

የላቦራቶሪ ዕቃም ቢሆን «98–102 በመቶ» የሚለው ቁጥር ብቻውን አያስተማምን። ጨው ከ100 በላይ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ቁጥሩ ከመቶ የሚያልፈው ጨው ውሃውን በከፊል ሲያጣ በየግራሙ ያለው መዳብ ስለሚጨምር ነው። እንዲያውም ቆሻሻ ያለበት ግን ትንሽ የደረቀ ጨው ልክ 100 በመቶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጥራቱን የሚናገረው የቆሻሻዎቹ ዝርዝር ነው። በአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር መለኪያ ብረት ከ0.003 በመቶ፣ ኒኬል ከ0.005 በመቶ አይበልጥም። ዝርዝሩ የሌለበት «የላቦራቶሪ ደረጃ» የሚል ዕቃ ከእርሻው ከረጢት የተሻለ ስለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለውም።

ዝርዝር ለሌለው ዕቃ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ አለ። 2 ግራም ጨው በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙቶ ጠንካራ አሞኒያ በጠብታ መጨመር ነው። መጀመሪያ ደብዛዛ ሰማያዊ ዝቃጭ ይወርዳል፤ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ዝቃጩ ጠፍቶ ሙሙቱ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ በነጭ ፊልተር ፔፐር ይጠለልና ወረቀቱ ሰማያዊው እስኪለቅ በቀጭን አሞኒያ ይታጠባል። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ነገር ከቀረ ብረት ነው፤ መዳቡ ከአሞኒያ ጋር ሙሙት ውስጥ ሲገባ ብረቱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይቀራል። ነጭ ዝልግልግ ከሆነ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ዚንክና ኒኬል ግን እንደ መዳቡ ከአሞኒያ ጋር ስለሚሟሙ በዚህ መንገድ አይታዩም። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ቀረ ማለት ብረት የለም ማለት ብቻ ነው።

የመዳቡን መጠን ራስን ችሎ መለካት ለሚፈልግ የአዮዲን ታይትሬሽኑ (መጠኑ የታወቀ ሙሙት በጠብታ እየጨመሩ መለካቱ) አስተማማኝ ነው። 1 ግራም ጨው በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 4 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ፣ 3 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድ፤ የሚለቀቀው አዮዲን በ0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት ይለካል። እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 24.97 ሚሊ ግራም ባለ አምስት ውሃ ጨው ማለት ስለሆነ 40 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይጠበቃል። ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛ፣ የሚፈጠረው ነጭ ኮፐር አዮዳይድ አዮዲን ላዩ ላይ ይዞ ስለሚያስቀር ቀለሙ የጠፋ መስሎ ይመለሳል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ 2 ግራም ፖታሲየም ታዮሳያኔት መጨመር የተያዘውን ያስለቅቃል። ሁለተኛ፣ በጨው ውስጥ ያለ ብረት ሦስት (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ብረት) እርሱም አዮዲን ስለሚለቅ መዳቡን አብዝቶ ያሳያል። ስለዚህ የብረቱ ፍተሻ ከዚህ ይቀድማል።

አሁን ወደ ማጣራቱ። የእርሻው ጨው እንዲሁ ከውሃ ቢመላለስ ብረቱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ምክንያቱም ብረት ሁለት በመዳቡ ቦታ ገብቶ አብሮ ክሪስታል ይሠራል። መጀመሪያ ወደ ብረት ሦስት መለወጥ አለበት። 100 ግራም ጨው በ150 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ወደ 80 ዲግሪ አሙቆ ማሟሟት፣ 5 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ መጨመር፣ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት። ከዚያ ግማሽ ግራም ያህል ኮፐር ካርቦኔት ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ማፍላት። ካርቦኔቱ አሲዱን ቀንሶ ብረቱን ቡናማ ሃይድሮክሳይድ አድርጎ ያወርደዋል፤ ማፍላቱ ደግሞ ዝቃጩን ሰብስቦ ለማጥለል ያመቸዋል፣ የተረፈውንም ፐሮክሳይድ ያጠፋዋል። ካርቦኔቱን ማብዛት ግን መዳቡንም ያስወርዳል። በትኩሱ ይጠለል፤ ማጥለያው ቀዝቃዛ ከሆነ ክሪስታሉ አንገቱ ላይ ይደፍናል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ማሞቅ ያስፈልጋል። በተጠለለው ላይ 1 ሚሊ ሊትር ቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ ማቀዝቀዝ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 35 ግራም ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ከ75 ግራም በላይ ይይዛል፤ ስለዚህ እስከ በረዶ ከቀዘቀዘ 60 ግራም አካባቢ ይመለሳል። የቀረውን ፈሳሽ አትንኖ ሁለተኛ ምርት ማውጣት ይቻላል፤ ሆኖም ኒኬሉና ዚንኩ የተከማቸው እዚያ ስለሆነ ለመርጨት እንጂ ለኮምፕሌክስ አይሁን።

የቧንቧ ውሃ መጠቀም አይመከርም። ካርቦኔት የበዛበት ውሃ ሙሙቱን ያደፈርሰዋል። ዕቃውም ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። በአሉሚኒየም ድስት ወይም በብረት ማንኪያ የተነካ ሙሙት መዳቡን ዕቃው ላይ ለጥፎ፣ የዕቃውን ብረት ወደ ሙሙቱ ያስገባል፤ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዘር ክሪስታልም በናይለን ክር እንጂ በሽቦ አይንጠልጠል።

ማድረቁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሁለት ፊልተር ፔፐር መካከል ተጭኖ፣ ጥላ ውስጥ በክፍሉ ሙቀት መድረቅ አለበት። ምድጃ ውስጥ ከገባ ከ63 ዲግሪ ጀምሮ ሁለት ውሃ ይወጣል፣ በ109 አካባቢ ሌላ ሁለት፣ የመጨረሻው እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይቆያል። ውሃዎቹ በተራ የሚወጡበት ምክንያት አወቃቀሩ ውስጥ ነው። መዳቡን በቅርብ የከበቡት አራት ውሃዎች ናቸው፤ በካሬ ተሰልፈው ከ1.94 እስከ 1.97 አንግስትሮም (አንዱ የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) ርቀት ላይ ተቀምጠዋል። ከላይና ከታች ከሁለት ሰልፌቶች የመጡ ኦክስጅኖች 2.4 አንግስትሮም ገደማ ርቀው ይይዙታል። አምስተኛው ውሃ መዳቡን ጭራሽ አይነካውም፤ በሃይድሮጅን ትስስር በሰልፌቱና በሌሎቹ ውሃዎች መካከል ተይዟል። ይህን በ1934 በኤክስሬይ ያሳዩት ቢቨርስና ሊፕሰን ናቸው። ከዚያም በፊት፣ በ1912 በሙኒክ ላውኤ ባቀረበው ሐሳብ ፍሪድሪኽና ክኒፒንግ ኤክስሬይ በክሪስታል ሲበተን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚሁ በኮፐር ሰልፌት ክሪስታል ላይ ነው። በእርሻ መደብር በከረጢት የሚቸረቸረው ጨው የክሪስታል አወቃቀር ጥናት የተወለደበት ጨው መሆኑን ተማሪዎች ሊያውቁት ይገባል።

አራት ቅርብ፣ ሁለት ሩቅ የሚለው አቀማመጥ ጃን–ቴለር ውጤት ይባላል። መዳብ ሁለት (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው መዳብ) ዲ በሚባለው የኤሌክትሮን ክፍል ዘጠኝ ኤሌክትሮን ስላለው እኩል ስድስት ትስስር መያዝ አይመቸውም፤ ሁለቱ ይረዝማሉ። ከዚህ በኋላ በሚሠሩት ኮምፕሌክሶች ሁሉ ይኸው ተመልሶ ይመጣል።

የአሞኒያው ኮምፕሌክስ ለዚህ ጨው የመጀመሪያ ፈተና ሊሆን ይገባል። 10 ግራም ጨው በ15 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 20 ሚሊ ሊትር ጠንካራ አሞኒያ፣ አየር በሚስብ ሁድ ሥር። ዝቃጩ ሙሉ በሙሉ መሟሟቱን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ መሄድ አይገባም፤ አሞኒያ ካነሰ የሚወጣው ምርት ከደብዛዛ ሰማያዊ ቤዚክ ሰልፌት (ሃይድሮክሳይድ የቀላቀለ ሰልፌት) ጋር የተደባለቀ ይሆናል። ጠርሙሱ ሲከፈትና ሲዘጋ የከረመ አሞኒያ ጉልበቱን ስለሚያጣ መጠኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ይኸው ችግር ይገጥማል። ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 95 በመቶ ኢታኖል ቀስ ብሎ ይጨመራል። በአንዴ ከተደፋ የሚወርደው ደቃቅ ዱቄት ነው። ክሪስታል የሚፈልግ ኢታኖሉን በቢከሩ ግድግዳ አንሸራትቶ ከላይ እንዲንሳፈፍ ያደርግና ሳይነካ ከድኖ ያሳድረዋል፤ ሁለቱ ፈሳሾች ቀስ በቀስ ሲቀላቀሉ ረዣዥም ጥቁር ሰማያዊ ክሪስታሎች ይወጣሉ። መታጠብ ያለበት በእኩል ኢታኖልና አሞኒያ ድብልቅ፣ ከዚያም በኢታኖል ብቻ ነው። በውሃ የታጠበ ይፈርሳል። ሙሉ ምርቱ 9.8 ግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ከተመዘነ ገና አልደረቀም።

አወቃቀሩ አራት የአሞኒያ ናይትሮጅን በ2.03 እና 2.05 አንግስትሮም መካከል በካሬ፣ አንድ ውሃ ደግሞ በ2.59 አንግስትሮም ከላይ ነው። በሌላኛው ወገን ያለው ውሃ ከ3.3 አንግስትሮም በላይ ስለሚርቅ ትስስር ለማለት ያስቸግራል። ምርቱ በክፍት ሳህን ላይ ከቆየ አሞኒያ እያጣ ላዩ ደብዝዞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህ የመነሻ ጨው ጥፋት አይደለም፤ የሦስቱም ደረጃ ምርት እንደዚሁ ያደርጋል። በተጣራ የእርሻ ጨው የሚሠራው ከላቦራቶሪው በዓይን አይለይም። ባልተጣራው የሚሠራው ግን አሞኒያው ሲጨመር ቡናማ ጉድፍ ያሳያል፤ ኢታኖሉ ከመግባቱ በፊት ካልተጠለለ ጉድፉ ምርቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሰልፌቱን በፐርክሎሬት ተክቶ ይህንኑ አሠራር መከተል አደገኛ ነው፤ የአሞኒያና የፐርክሎሬት ኮምፕሌክሶች ሊፈነዱ ይችላሉ።

ለኦክሳሌቱ 6.2 ግራም ጨው በ12 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 10 ግራም ባለ አንድ ውሃ ፖታሲየም ኦክሳሌት በ50 ሚሊ ሊትር፤ ሁለቱም 90 ዲግሪ ድረስ ይሞቃሉ። የመዳቡ ሙሙት በኃይል እየተማሰለ ወደ ኦክሳሌቱ በፍጥነት ይደፋል። ፍጥነቱ፣ ሙቀቱና አቅጣጫው ሦስቱም ወሳኝ ናቸው። ኦክሳሌቱ ወደ መዳቡ ቢደፋ ወይም ሙሙቶቹ ቀዝቃዛ ቢሆኑ መዳቡ በማይሟሟ ደብዛዛ ኮፐር ኦክሳሌት መልክ ይወርዳል። ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ይወርዳሉ፤ በ12 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት ይታጠቡ። ሙሉ ምርቱ 8.8 ግራም ነው። ኦክሳሌቱን በፐርማንጋኔት መለካት ስለሚቻል፣ 49.75 በመቶ መሆን አለበት፣ ለማስተማሪያ ከሁሉም የሚመረጠው ይህ ኮምፕሌክስ ነው። ኦክሳሌት መርዝ ስለሆነ በአፍ መሳቢያ ፒፔት ፈጽሞ አይነካ።

የግላይሲኑ ኮምፕሌክስ ሲስና ትራንስ (ሁለቱ ናይትሮጅኖች በአንድ ወገን ወይም በተቃራኒ ወገን የሚሆኑባቸው) የሚባሉ ሁለት መልኮች ስላሉት ተወዳጅ ነው። ቀድሞ የሚወርደው መርፌ መሰሉ ሲስ ነው፤ በትንሽ ውሃ ሲፈላ ወደ ትራንስ ቅርፊት ይለወጣል። ለእርሱ ግን መነሻው አሲቴት ቢሆን ይሻላል፤ አሲቴት ደግሞ ከዚሁ ጨው ይሠራል።

ጨዎቹ በትክክል የሚለያዩት አሲቴቱ ላይ ነው። 25 ግራም ጨው በ200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 12 ግራም ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔት በ100 ሚሊ ሊትር። ካርቦኔቱ ቀስ ተብሎ ይጨመር፣ አረፋው ይገነፍላል። ከ60 ዲግሪ በላይ አይሙቅ፤ ከበዛ አረንጓዴው ዝቃጭ ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል። ዝቃጩ ሰልፌት ጠርቅሞ ስለሚይዝ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። ማጠቢያው ውሃ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሲዳማ ተደርጎ ባሪየም ክሎራይድ ሲጨመርበት የማይደፈርስ እስኪሆን ድረስ ይታጠብ። ከዚያ 130 ሚሊ ሊትር ባለ 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያሟሟዋል፤ ከ70 ዲግሪ በታች ወደ 65 ሚሊ ሊትር አትንኖ መተው። አሲዱ ከተነነ ቤዚክ አሲቴት ይወርዳልና ጥቂት ጠብታ መጨመር ያስፈልጋል። ሙሉው 20 ግራም ነው፤ ጥቂቱ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል።

የሚወጣው ጥቁር አረንጓዴ ክሪስታል ከሰልፌቱ ፈጽሞ የተለየ አወቃቀር አለው። ሁለት መዳቦች ፊት ለፊት ሆነው በአራት አሲቴቶች ይታቀፋሉ፤ በየጫፋቸው አንድ አንድ ውሃ አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 2.62 አንግስትሮም ብቻ ነው። ብሊኒና ባወርስ በ1952 ከማግኔት ባሕርዩ ተነስተው መዳቦቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ቫን ኒከርክና ሾኒንግ በኤክስሬይ አረጋገጡት። የሁለቱ መዳቦች ኤሌክትሮኖች እርስ በርስ ስለሚሻሩ የማግኔት ኃይሉ በክፍሉ ሙቀት ለአንድ መዳብ 1.4 ቦር ማግኔቶን (የአቶም ማግኔት ኃይል መለኪያ) አካባቢ ይሆናል፤ ነጠላ መዳብ ቢያንስ 1.73 ማሳየት ነበረበት። ሙቀቱ ሲወርድ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ብረት ያለበት ጨው እዚህ ላይ ይጋለጣል። ብረት ሦስት የሚባለው አምስት ነጠላ ኤሌክትሮን ስላለው ጥቂቱ እንኳ በዝቅተኛ ሙቀት ላይ የማግኔት ልኬቱን ኩርባ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ለኪው የመዳቡን ባሕርይ አየሁ ሲል የብረቱን ያያል። የላቦራቶሪው ደረጃ ዋጋውን የሚያወጣው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ለኤክስሬይ ክሪስታል ልኬት የመነሻው ንጽሕና ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የክሪስታሉ ጥራት ነው ወሳኙ። የሚፈለገው ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ የጠራ፣ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ሲዞር በአንዴ ሙሉ በሙሉ የሚጨልም ነው። ከፊሉ ጨልሞ ከፊሉ የሚበራ ከሆነ የተጣበቀ መንታ ነው። አንድ ክሪስታል ተለክቶ ስላማረ ግን ብልቃጡ ሁሉ ያው ነው ማለት አይደለም። ሜርኩሪ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ስሪቱ የታወቀ አወቃቀር ፋይል ከፍቶ የዱቄቱን ኤክስሬይ ምስል አስልቶ ስለሚያሳይ፣ ፋይሉን ከክሪስታሎግራፊ ኦፕን ዳታቤዝ በነፃ አውርዶ ከራስ ዱቄት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ያልታሰበ መስመር ከታየ በአሞኒያው ምርት ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤዚክ ሰልፌት ነው።

ማስቀመጫው ጥብቅ የፕላስቲክ ክዳን ያለው ዕቃ ይሁን። የወረቀት ከረጢት በደረቅ ቦታ ጨውን ነጭ ዱቄት ያለብሰዋል፣ በእርጥብ ቦታ ድንጋይ ያደርገዋል። ነጭ የለበሰው ለመሟሟት ችግር የለበትም፤ ለሚዛን ግን አይታመንም። ጨው ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፣ ለዓሣና ለውሃ ውስጥ ሕይወት መርዝ ነው። የተረፈ ሙሙት ወደ ፍሳሽ አይደፋ። አሞኒያ ያለበት መጀመሪያ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ይለዝብ፤ ከዚያ የብረት ሱፍ ተጨምሮበት ሰማያዊው እስኪጠፋ ይቆይ። መዳቡ ቀይ ዱቄት ሆኖ ሲወርድ ተጠልሎ ለብቻው ይቀመጣል።